ሰጋሯ ሪማ በሐኪሞች ፊት

ባለፈው ዓመት ሪማ የምትባለው ባዝራ በሳዑዲዋ ጂዛን የርቀት ግልቢያ ላይ ስትሸለም፣ ልጓሟን ይዞ ፎቶ የተነሣው ሰውዬ ከዚያ ቀን በፊት ፈረሷን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የባለቤቷ የአክስት ልጅ ነው። ከአብሃ ሽቶውን ተርከፍክፎ መጥቶ፣ ከመኪናው እንደወረደ «እስቲ እኔ ልያዛት» አለ፤ ሰጡት። ዓመቱን ሙሉ ያበላት፣ ሸኮናዋን የጠረገላት፣ ሆዷን ሲቆርጣት ጊቢ ለጊቢ ሲያዞራት ያደረው አባተ ግን «አንተ ባልዲህን አንሣና ከፎቶው ውጣ» ተባለ። ወጣ። በፎቶው ላይ የእሱ የሚባል ነገር ቢኖር፣ በግራ በኩል ብቅ ያለ አንድ ክርንና ግማሽ ባልዲ ነው። ፎቶው ደግሞ ተሰቅሎ ያለው ዳማድ ከተማ፣ አሠሪው ሸይኽ ጂብራን እንግዳ በሚቀበሉበት ክፍል፣ ልክ በሩ ፊት ለፊት ነው። አባተ ሻይ ይዞ በገባ ቁጥር ክርኑን ያያል።

የቤቱ ወጥ ሠሪ ሰዓዴ፣ የወረባቦ ልጅ፣ ነገረኛ ናት። ሻዩን በትሪ ስታቀብለው «አያ አባተ፣ ክርንዎ ዛሬም አምሮበታል» ትለዋለች። እሱ ትሪውን ይዞ ይገባል። ሳቋን ግን ይዞባታል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሌላ ሰው ይረሳው ይሆናል፤ አባተ አይረሳም። የደላንታ ሰው ነው። አራተኛ ክፍል ሳለ «ጋጣ ጋጣ ትሸታለህ» ብሎ ከፊት ወንበር ያስነሣውን መምህር ስም እስከ አያቱ ይጠራልሃል። የአጎቱ ልጅ ሲያገባ፣ ሙሽራዋ የተቀመጠችባትን በቅሎ ስግሪያ ያስተማራት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ልጓሟን ስቦ ዳስ የገባው የወረዳ ጸሐፊው ልጅ ነበር፤ አባተ ከአህያ ነጂዎቹ ጋር ደጅ በላ። ሥራውን አንዱ ይሠራዋል፣ ፊት ለፊት የሚቆመው ሌላ ነው። ይህ ደላንታም ጂዛንም ያው ነው፤ ያልደረሰበት ሰው ደግሞ «ምን ይህን ያህል ያንገበግበዋል?» ይላል።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ነገሩ እንዲገባ ስለ ግልቢያው ጥቂት ማለት ይገባል። የርቀት ግልቢያ እንደ ሌላው እሽቅድድም አይደለም፤ ቀድሞ የገባ ሁሉ አያሸንፍም። ፈረሶቹ በአሸዋው፣ በማሽላው ማሳ ዳርና በግራሩ መካከል ሰማንያ ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። በየዙሩ መጨረሻ ሐኪሞች ቆመው ይጠብቋቸዋል። ልባቸውን ያዳምጣሉ፣ ድዳቸውን ገልጠው ያያሉ፣ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገው ውሃ የጠማቸው መሆኑን ይለካሉ። በመጨረሻ ሳይሱ፣ ፈረስ ጠባቂው ማለት ነው፣ ልጓሟን ይዞ በሶምሶማ ወዲያና ወዲህ ያስሮጣታል። ካነከሰች፣ አንደኛም ብትገባ፣ ኸላስ፣ አበቃ፣ ወደ ቤቷ። ቀድማ ለገባችው ዋንጫ አለ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግን ከዋንጫው ይልቅ የሚመኘው የጤና ሽልማቱን ነው። እሱ፣ መጀመሪያ ከገቡት መካከል፣ በማግስቱ ጧት ሐኪሞቹ ዳግመኛ መርምረው ከሁሉ ደህና ሆና ላገኟት የሚሰጥ ነው።

አዘጋጆቹ ዘንድሮ ያወጡት ደንብ እንዲህ ይላል፤ በጧቱ ምርመራ ፈረሷን ያስሮጠ ሳይስ፣ ራሱ ይዟት ወደ መድረኩ ይወጣል። ዘመድ አዝማድ አይነካትም። ሸይኽ ጂብራን ይህን ለአባተ የነገሩት ባዝራይቱን ሲያጥብ መጥተው ነው። «ከተሸለመች ይዘሃት የምትወጣ አንተ ነህ፤ ያክስቴ ልጅም ቢመጣ እጁን እሰበስብለታለሁ» አሉት። አባተ «ሓድር ዓሚ»፣ እሺ ጌታዬ፣ ብሎ ማጠቡን ቀጠለ። የሚያጥበው ግን አንዱን እግር ደጋግሞ ነበር።

ከዚያች ቀን በኋላ ነው ስሕተቱን የሠራ። እሱ እንኳ ስሕተት አላለውም፤ ስጦታ ነው ያለው። ሪማ ቆንጆ ባዝራ ናት፣ ልበ ሙሉ ናት፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድላታል ብሎ ያምናል። አትሰግርም። ደላንታ ውስጥ በሶምሶማ የሚሄድ የጋማ ከብት የጨው ጫኝ ነው። ሶምሶማ ማለት ፈረስ የፊት ቀኙን ከኋላ ግራው ጋር አንሥቶ የሚረግጠው ነው፤ የተቀመጠውን ሰው እንደ ወንፊት ያንገጫግጨዋል። ሰጋር ግን የአንዱን ጎን ሁለት እግሮች አብሮ ያነሣል፣ ከዚያ የሌላውን ጎን። ላዩ ያለው ሰው ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ቢይዝ አይደፋበትም። «እንደዚህ ያለች ፈረስ በሶምሶማ መድረክ ላይ ይዤ ልውጣ?» አለ አባተ ለራሱ። «ሰው ምን ይለኛል?»

አባቱ እንዳደረገው አደረገ። ለስላሳ ገመድ ፈትሎ፣ የቀኝ የፊት እግሯን ከቀኝ የኋላው፣ የግራውን ከግራው አያይዞ፣ ደረቁ የዳማድ ሸለቆ አሸዋ ላይ አጠገቧ እየሮጠ አለማመዳት። ልጓሙን አጠር አድርጎ ከፍ፣ በምላሱ ቀጭ ቀጭ። መጀመሪያ ተደነቃቀፈች፣ ተቆጣች፣ አንድ ቀንም ትከሻውን ነከሰችው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ገባት። ገመዱ ተፈታ፤ ስግሪያው ቀረ። ጋላቢው የሕያ፣ የጂብራን የመጨረሻ ልጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጥባት ጆሮው ድረስ ነው የሳቀው። ከዚያ በፊት ከልምምድ ሲመለስ ትራስ ላይ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው። ለአባቱ እንዳይነግር፣ በግልቢያው ቀን ያልታሰበ ደስታ እንዲሆንላቸው ተማማሉ።

ያልወደደው ዘከሪያ ብቻ ነበር። ዘከሪያ የአባተ የአገር ልጅና የሥራ ጓደኛ፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ከየመን በድንበሯ ከተማ በሙወሰም በኩል ተሻግሮ የገባ፣ ፈይፋ ተራራ ላይ ቡና ሲኮተኩትና ፍየል ሲጠብቅ ከርሞ ወደ ጂብራን ጊቢ የወረደ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የለውም። ጭድ ያወርዳል፣ ውሃ ያቀርባል፤ ልጓም ግን አባተ አስይዞት አያውቅም።

«አያ አባተ፣» አለ፣ «ሰዎቹ የሚያውቁትን ተውላቸው። በፈረሳቸው ደላንታን አታምጣባቸው።»

አባተ የሰጠው መልስ «አንተ ባልዲህን ያዝ» የሚል ነበር። ቃሉ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ አላሰበውም።

የግልቢያው ቀን ጥር ውስጥ ነው፤ ጂዛን ሙቀቱ በረድ ብሎ ሰው የሚሆነው በጥር ነው። ሜዳው ገና ጎሕ ሲቀድ በመኪናና በፈረስ ተሞላ። የፈረስ መጫኛ መኪኖች፣ የውሃ ቦቴዎች፣ የሽማግሌዎች ድንኳን፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ሁለት የሹርጣ፣ የፖሊስ ማለት ነው፣ መኪና ለትራፊኩ ቆሟል። ዘከሪያ መኪኖቹን ሲያይ ሻሹን እስከ ዓይኑ ጠቅልሎ ከቦቴው ኋላ ገባ፤ እስከ መጨረሻው ዙርም ከዚያ አልወጣም፤ ባልዲ ሞልቶ ያወጣል፣ ባዶውን ይቀበላል።

ሪማ ደህና ሄደች። በመካከል ባሉት ምርመራዎች ያስሮጣት የሕያ ራሱ ነበር፤ አባተ ውሃ በማፍሰስ ተጠምዷል። ልጁ ምላሱን ቀጭ ማድረግ አያውቅም፣ ልጓሙንም ልል አድርጎ ስለሚይዝ፣ ባዝራይቱ እንደ ድሮዋ ሶምሶማዋን ረግጣ አለፈች። ማንም ምንም አላለ። በመጨረሻው ዙር ግን የሕያ ሲሰግርባት ከተማ የሚጎበኝ ሰው መስሎ፣ እንደተደላደለ፣ ከመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ጋር ገባ። ከኮርቻው ወርዶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ የባቱ ጅማት ተሸመቀቀበትና አሸዋው ላይ ተዘረጋ። አባተ ይህን ጊዜ ነው የሚጠብቅ። ነጩን ልብሱን አራግፎ፣ ልጓሙን ተቀበለና ወደ ሐኪሞቹ ሄደ።

ሐኪሙ ዶክተር ኢድሪስ የተባሉ ረጅም ሱዳናዊ ናቸው። ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው፣ አይጮሁም። ማዳመጫቸውን ከክርኗ ኋላ ለጥፈው ቆጠሩ፤ ልቧ ተረጋግቷል። ድዷን አዩ፣ ቆዳዋን ቆነጠጡ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በእጃቸው መንገዱን አሳዩትና «ያላ፣ አስሩጣት» አሉ።

አባተ ልጓሙን ከፍ፣ ምላሱን ቀጭ። ሪማ ተንሳፈፈች። እንዲያ ሰግራ አታውቅም። ጀርባዋ ቀጥ፣ ጭራዋ ከፍ ብሎ፣ እግሮቿ አሸዋውን እየላሱ ሄዳ ተመለሰች። አባተም እንደ ሙሽራ ሚዜ ደረቱን ነፍቶ አጠገቧ ሮጠ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ድገመው» አሉ። አባተ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ታይቶ የማይጠገብ መሆኑን ያውቃል። ደገመላቸው። ዶክተሩ ሁለቱን ባልደረቦቻቸውን በእጅ ጠሩና ሦስቱም አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ተንሾካሾኩ። አባተ፣ ምስክር የጠሩለት መስሎት፣ የሪማን ግንባር አበሰላት።

ወደ ቦቴው ጠጋ ሲል የዘከሪያ ድምፅ ከጎማው በኩል መጣ። «አያ አባተ።»

«አየሃቸው?» አለ አባተ።

«ሰማኋቸው። ዓርጃ ነው የሚሉት።»

«ምን ማለት ነው?»

«አንካሳ። ከኋላ ወገቧን አሟታል እያሉ ነው።»

አባተ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆረ፤ መምህሩም፣ የወረዳ ጸሐፊው ልጅም፣ የአብሃው ባለ ሽቶም በአንድ ጊዜ መጥተው አጠገቡ የቆሙ መሰለው። ወደ ዶክተሩ ሄዶ በተሰባበረ ዐረብኛው አስረዳ፤ ይህች ፈረስ አላነከሰችም፣ ይህ ጥበብ ነው፣ በእኛ አገር መሳፍንት የሚቀመጡበት አረማመድ ነው አለ። ዶክተሩ እስኪጨርስ ሰሙት። አልናቁትም፤ ቢንቁት ይሻለው ነበር። የሚሉት ነገር ቀላል ነው፤ ሕመም የሚገለጠው በሶምሶማ ነው። አራቱ እግሮች በሰያፍ ሲረግጡ የታመመው እግር ራስ ያስነቀንቃል፤ በሌላ አረማመድ ግን ይደበቃል። «ይህች ፈረስ ሸኮናዋ ውስጥ ጠጠር ቢገባ፣ በዚህ አረማመዷ አንተ ራስህ ታውቅ ነበር?» ብለው ጠየቁት።

አባተ አያውቅም ነበር። ያናደደውም ይኸው ነው።

ደንቡ አንድ ዕድል ይሰጣል። ለጥቂት ጊዜ ጥላ ውስጥ አሳርፏት፣ ከዚያ በሦስታችንም ፊት በሶምሶማ አስሩጧት፣ ሁለታችን አንካሳ ካልናት ግን ትወጣለች አሉ። ሸይኽ ጂብራን ከድንኳኑ ወንበር ላይ ሆነው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አባተን ያዩታል። የሕያ ባቱን እያሸ ስልኩን ማየት ጀመረ፤ ስለ ስግሪያው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። የሀብታም ልጅ እንደዚህ ነው፤ ደስታውን አብሮህ ይበላል፣ ጠረጴዛው ሲነሣ አታገኘውም።

አባተ ባዝራይቱን ከመጫኛዎቹ ኋላ ወስዶ ሞከረ። ልጓሙን አላላ፣ ምላሱን በጥርሱ ያዘ፣ እየተንገዳገደ እንደ ሰካራም ሮጠ። ሪማ ሰገረች። በግራዋ የነበረው በቀኟ ዞሮ ሮጠ። ሰገረች። ልጓሙን ጭራሽ ለቆት ፊት ፊቷ ሮጠ፤ ከኋላው እየሰገረች ተከተለችው፤ ጆሮዎቿን አቁማ ደህና ሠራሁ ወይ የምትል ትመስላለች። ያን ሁሉ ወር እሱ አጠገቧ ሮጦ በሶምሶማ ሄዳ አታውቅም። አባተ ማለት ለሷ ስግሪያ ማለት ሆኗል። ላብ አጠመቀው፤ ቁጭ አለ።

ሌላ ሰው ሊይዛት ይገባል። የሕያ መቆም አልቻለም። ሌላ ማን አለ? ሪማ የምታውቀው፣ እጁን የለመደችው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ይዟት ካለፈች ደግሞ ጧትም እሱ ይይዛታል፣ ወደ መድረኩም እሱ ይወጣል። ይህን አባተ በደንብ አሰበው። ባዝራይቱ መጥታ አንገቷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች፤ የነከሰችው ትከሻ ነው። ተነሣ።

ዘከሪያ ከቦቴው ጎማ ኋላ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አባተ ልጓሙን ዘረጋለት። ሰው አስቸግሮ የማያውቅ ሰው ስለሆነ አጀማመሩ ጠፋበትና «ያዝ» ብቻ አለ።

ዘከሪያ ልጓሙንም እሱንም አየ። «እስከ ዛሬ ውሃ አምጣ እንጂ ልጓም ያዝ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለአንተ ከፎቶው ክርንህን ብቻ አስቀሩልህ። አንተ ለእኔ ክርኔንም አላስቀረህልኝ።»

አባተ ልጓሙ ላይ የነበረውን አሸዋ ጠረገ።

«ሹርጣው እዚያ ቆሟል፣» አለ ዘከሪያ። «ከያዘኝ እስር ቤት ነው፤ ከዚያ አውሮፕላን።»

«አይቼዋለሁ። እውነትህን ነው። ተወው በቃ፣ ትውደቅ። ሌላ ጊዜ ትሄዳለች።»

ልጓሙን ሰብስቦ ሊመለስ ሲል ዘከሪያ ተነሣ። ሻሹን ፈትቶ እንደገና አጥብቆ ጠመጠመው፤ ዓይኖቹ ብቻ ቀሩ።

«ምን ብላ ነው እሷ የምትወድቀው? ጭዷን የተሸከምኩ እኔም ነኝ» አለ። ልጓሙን ከእጁ ቀማውና ሁለት እርምጃ ሄዶ ዞረ። «አንተ ግን እንዳትታይ። ካየችህ ትሰግራለች። እዚህ እኔ የነበርኩበት ግባ።»

እንዲህ ሆኖ አባተ ከጎማው ኋላ ቁጢጥ አለ፣ ዘከሪያ ወደ ፀሐዩ ወጣ። አባተ ምንም ማየት አልቻለም፤ ጆሮውን ብቻ አቆመ። መጀመሪያ የዶክተሩ «ያላ» ተሰማ። ከዚያ የዘከሪያ ጫማ። ከዚያ የሪማ ኮቴ፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ ያ የጨው ጫኝ አረማመድ፣ ምንም ዜማ የሌለው፣ እኩል በእኩል። ሄደ፣ ዞረ፣ ተመለሰ። አባተ ሶምሶማ ሰምቶ ደስ ያለው በዕድሜው ያን ቀን ብቻ ነው። ዘከሪያ ተመልሶ ሲመጣ እየሮጠ ነበር፤ ባዝራይቱ ቸኩላ ሳይሆን እሱ ከሹርጣው ለመራቅ ነው።

«ሦስቱም አለፈች አሉ» አለና ጎማውን ተደግፎ ተንፈስ አለ። «ወላሂ አያ አባተ፣ እግሬ እንጂ እኔ አልነበርኩም የሮጥኩት።»

አባተ ማምሻውን ሲነግረው ነው ዘከሪያ ስለ ደንቡ የሰማ። ጧት የሚያስሮጣት ወደ መድረክ ይወጣል ሲባል እራቱን አቆመ። ለፎቶ? በአደባባይ? በሹርጣው ፊት? አባተ አይዞህ አለው፤ ከብዙ ፈረስ አንዷ ናት፣ ላትሸለም ትችላለች አለው። ሁለቱም ግን ይህን ሲባባሉ ባዝራይቱን እያዩ ነበር፤ ቆማ ገፈራዋን ትቆረጥማለች፣ ሰማንያ ኪሎ ሜትር የሄደው ሌላ ሰው ነው የምትል ትመስላለች።

በማግስቱ ጧት ሜዳው የሠርግ ቤት መስሏል። የጂብራን ቤተሰብ በሙሉ መጥቷል። ሰዓዴም በድንጋይ ድስት የተሠራ የጂዛን ሥጋ፣ መግሽ የሚሉትን፣ በጨርቅ ጠቅልላ ተሸክማ ደረሰች። አባተ እንደገና ከቦቴው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ስታገኘው፣ ዓይኗን አላመነችም።

«አያ አባተ፣ ዘንድሮ ጭራሽ ክርንዎም ቀረ?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ልጅ፤ ትሰማናለች» አለ አባተ፣ ፈረሷን ማለቱ ነው።

ሐኪሞቹ አንድ በአንድ አዩ። ዘከሪያ አስሮጠ፤ ሪማ በሶምሶማ ሄዳ መጣች። ብዙ ሳይቆይ የድምፅ ማጉያው ጮኸ። የጤና ሽልማቱ የዳማዷ ሪማ ነው፣ ሳይሷ ይዟት ወደ መድረኩ ይምጣ። ከበሮ ተመታ። የፉል አበባ ጉንጉን የያዙ ሽማግሌ መድረኩ ሥር ቆመዋል፤ ይህ የሚበላው ፉል ሳይሆን ጂዛኖች ለሙሽራ የሚያስሩት ነጩ፣ ባለ መዓዛው አበባ ነው። አጠገባቸው፣ የጤና ሽልማቱን በትሪ ይዞ፣ ማዕረጉ ትከሻው ላይ የሚያብረቀርቅ የሹርጣ መኮንን አለ። ሰውየው በሙሉ ጥርሱ ይስቃል፣ ለዘከሪያም ና ና ይለዋል በእጁ።

ዘከሪያ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ። ከዚያ የመኮንኑን ማዕረግ አየ። ተመልሶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ቦቴው መጥቶ፣ ልጓሙን አባተ እጅ ላይ አስቀመጠለት።

«ሩጫውን ሮጥኩልህ። ሳቁን አንተ ተቀበለው፤ ያንተ ናት» አለና በአባተ ቦታ ቁጢጥ አለ።

አባተ ብቅ አለ። በእግሩ ቀስ ብሎ ቢወስዳት ማንም አያውቅም ነበር፤ በእርምጃ ፈረስ ሁሉ አንድ ነው። እንደዚያም ነው ያሰበ። ግን ከበሮው ፈጠነ፣ ማጉያው «አስሩጣት፣ ሕዝቡ ይያት» አለ፣ ሽማግሌዎቹ በጭብጨባ ተቀበሉት። የአርባ ዓመት ነገር እግሩ ውስጥ ገባ። ልጓሙ ከፍ፣ ምላሱ ቀጭ። ሪማ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ሰገረች።

ዶክተር ኢድሪስ ከወንበራቸው ተነሡ። እጃቸውን ሲያነሡ ከበሮው ቆመ። ወደ ባዝራይቱ መጥተው ወገቧን ጫን ጫን አደረጉ፣ የኋላ እግሮቿን እስከ ሸኮናዋ ዳሰሱ። አልተቆጣችም። ቀና ብለው አባተን አዩት።

«ትላንት በመጀመሪያ ያስሮጥካት አንተ ነህ።»

«አዎ።»

«ይህን ያስተማራትስ?»

ሸይኽ ጂብራን ከዘራቸውን ይዘው መጥተው አጠገባቸው ቆመዋል። የእሽቅድድም ባዝራቸውን የበቅሎ አረማመድ ያስተማረባቸውን ሰው ምን ሊያደርጉት እንደሚችሉ አባተ አያጣውም፤ ዛሬውኑ ሻንጣህን ሊሉት ይችላሉ። የሕያ ወደ ሰማይ ያያል። እንዲሁ ናት፣ ከድሮም ናት ማለት ይቻል ነበር።

«እኔ ነኝ፣» አለ አባተ። «አባቴ ያስተማረኝን ነው። የሕያ አላዘዘኝም፣ ዘከሪያም ተው ብሎኝ ነበር።»

ዶክተሩ ጢማቸውን አሹ። ከዚያ ወደ አዘጋጆቹ ዞረው ተናገሩ። ይህችን ፈረስ በሶምሶማ ትላንትም ዛሬም አይቻታለሁ፣ እግሯ ደህና ነው፣ ሽልማቱ የሷ ነው፤ ደንቡ የከለከለው ዘመድ አዝማድን ነው፣ ይህ ግን ሳይሷ ነው አሉ። ለአባተ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እስከሚመጣው ግልቢያ በማንም ሰው እጅ በሶምሶማ ካልሄደች ግን እኔው ራሴ ወደ ቤቷ እመልሳታለሁ አሉት። አባተ «ሓድር» አለ። አልተዋጠለትም፤ ግን አለ።

አበባው አንገቷ ላይ ታሰረ። መኮንኑ ሽልማቱን ሰጠና አባተን በሁለት እጁ ጨብጦ ደጋግሞ ወዘወዘው። ፎቶ አንሺው ሲዘጋጅ ግን ሸይኽ ጂብራን ከዘራቸውን አነሡ።

«ታንገጫግጫለች?» ብለው ጠየቁ።

አባተ አልገባውም። ጂብራን ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው እኚያ ጋላቢ፣ ኮርቻ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ሶምሶማው አከርካሪያቸውን ይበላቸዋል። ፈረስ ያረባሉ፣ በወንበር ተቀምጠው ያያሉ።

«አታንገጫግጭም፣ ዓሚ። ሻይ ይዘው ቢቀመጡ አይደፋብዎትም።»

ጂብራን ለዶክተሩ ፊታቸውን አዞሩ። ዶክተሩ ፈረሷንም ሽማግሌውንም መዝነው፣ ለአንድ አጭር ዙር፣ ቀስ ተብሎ ከሆነ ትችላለች አሉ። ኮርቻ መጣ። የሕያ እያነከሰ እግራቸውን ደገፈ፣ ሰዓዴ የመግሹን ድስት መሬት አስቀምጣ ከዘራውን ተቀበለች፣ ሌሎችም ገፉ፤ ወጡ። ላይ ሲሆኑ የሚይዙት ነገር አጡና ጋማዋን ጨበጡ።

አባተ ልጓሙን ይዞ ምላሱን ቀጭ አደረገ። ሪማ ተንሸራተተች። ሽማግሌው መጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሕመሙን ጠበቁ። አልመጣም። አንዱን ዓይን ከፈቱ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ከዚያ ጋማውን ለቀው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ጣሉ። ከበሮው ራሱን ችሎ ተነሣ። ሰው እየተከተለ አጨበጨበ። ሰዓዴ፣ የወሎ እልልታዋን እዚያ ሁሉ ዐረብ መካከል ለቀቀችው፤ ከቦቴው ኋላም አንድ ፉጨት መለሰላት።

ፎቶ አንሺው ፊት ፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ «አንተ ሳይስ፣ ወዲህ እይ» ይለዋል። አባተ አላየውም። ዓይኑ መሬት ላይ ነው፤ የጎማ ዱካ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ላይዋ ደግሞ ወገባቸው የታመመ ሽማግሌ። ዙሩ አልቆ ወደ ኮርቻ ማውረጃው ሲጠጋ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ትከሻውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ያላ አባተ፣» አሉ፣ ዶክተሩ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንድ ዙር ጨምር።»